ሰኔ 20 የማን ቀን ነው?



ከነቀምቴ ተነሥቶ በስተ ምሥራቅ ወደ አዲስ አበባ ለሚጓዝ ሰው ጉቴ ብዙም ሳይርቅ የሚያገኛት የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ የዋዩ ቱቃ ወረዳ መቀመጫ ናት። ልጅነቴን ያሳለፍሁት በዚያ ነው። ይህን የማነሣው ስለ ራሴ ለማውራት ብዬ አይደለም፤ ዛሬ የምጽፍበትን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማሁት እዚያ በመሆኑ ነው።

በደርግ ዘመን ተማሪ ሳለን በየዓመቱ መጋቢት 28 ቀን ሰንደቅ ዓላማው ሥር ተሰልፈን ፋሽስት ኢጣሊያ ድል የተመታበት ቀን መሆኑ ይነገረን ነበር። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፤ ያው ድል ሚያዝያ 27 ቀን ይከበር ጀመር። የቀኑን መለወጥ ለአያቴ ነገርኋቸው። ጠላትን በዐይናቸው ያዩ ሽማግሌ ነበሩ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና በኦሮምኛ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ ሁለቱም አዲስ አበባ የሆነ ነገር ነው። እዚህስ መች ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው ግን ጥያቄያቸው የሽማግሌ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። የአገራችን የበዓላት ዝርዝር እንዴት እንደሚወሰን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚጠይቅ ነው። ቀኑን የሚመርጠው ማን ነው? የሚመርጠውስ ከየት ሆኖ እያየ ነው?

ቆጠራና ዐዋጅ

በዓል የሚወሰንበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንደኛው ቆጠራ፣ ሁለተኛው ዐዋጅ። ፋሲካ መች እንደሚውል የሚወስን ሚኒስትር የለም። ባሕረ ሐሳብን የሚያውቁ ሊቃውንት አበቅቴውንና መጥቅዑን አውጥተው ይነግሩናል። ዒድ አልፈጥር በጨረቃ መታየት ይለያል፤ ስለዚህም የመሥሪያ ቤት ኃላፊው እንኳ ነገ ሥራ መኖር አለመኖሩን የሚያውቀው በዋዜማው ምሽት ነው። የሲዳማ አያንቶዎች የከዋክብትን ጉዞ ተከታትለው የፊቼ ጫምባላላን ዕለት ይለያሉ። በኦሮሞም ዘንድ የቀን ቆጠራ የራሱ ሊቃውንት አሉት፤ በቦረናዎች ቆጠራ እያንዳንዱ ቀን ስም ሲኖረው የቀኖቹ ስሞች 27 ናቸው። በአፋን ኦሮሞ በዓልም፣ የቀን መንፈስም፣ ዕድልም «አያና» በሚል አንድ ቃል ይጠራሉ። በዚህ አስተሳሰብ ቀን የሚታወቅ እንጂ የሚሾም ነገር አይደለም። የጉቴ ኦርቶዶክሳዊ ገበሬም ቢሆን በወር በወሩ ሚካኤልንና ማርያምን አክብሮ ከእርሻ ሲውል ማንም ዐውጆለት አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ በላይ መንግሥት አለ። መንግሥት የሃይማኖቱን ቆጠራ ለባለቤቶቹ ይተውና የትኛው ቀን ሥራ እንደሚዘጋበት ያውጃል፤ የራሱን የታሪክ ቀናትም ይጨምርበታል። ዐዋጅ ደግሞ ገንዘብ ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ ሠራተኛ ለሠራበት ሰዓት የመደበኛ ክፍያውን ሁለት እጥፍ ያገኛል። ሁለት በዓላት በአንድ ቀን ቢገጥሙ፣ ወይም በዓሉ በዕረፍት ቀን ላይ ቢውል፣ ክፍያው የአንድ በዓል ብቻ ነው። በሌሎች አገሮች እንደሚደረገው እሑድ የዋለን በዓል በሰኞ መካስ በእኛ ዘንድ አልተለመደም።

ገንዘብ ብቻም አይደለም። አንድ ቀን ወደ ዝርዝሩ ሲገባ ፋብሪካው ያውቀዋል፣ ባንኩ ያውቀዋል፣ ትምህርት ቤቱ ያውቀዋል፤ ስለዚህም ልጅ ያውቀዋል። ልጅ ያወቀው ቀን ደግሞ የአገር ትዝታ ይሆናል። ወደ ዝርዝሩ ያልገባው ቀን ግን የሚታወሰው ሽማግሌው በሕይወት እስካሉ ድረስ ነው።

አዲስ አበባ የተያዘችባቸው ቀናት

እስኪ የመንግሥታቱን ዝርዝር በየተራ እንመልከት።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሐምሌ 16 የንጉሠ ነገሥቱ ልደት፣ ጥቅምት 23 የዘውድ በዓል ነበር። የድሉ በዓል ሚያዝያ 27 ላይ ይውል ነበር። ማርሻል ባዶሊዮ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡት ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ቀኑ ታስቦበት የተመረጠ ይመስላል፤ ምክንያቱም የእንግሊዝ ጦር ከተማዪቱን የያዘው ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ መጋቢት 28 ነበር። በዚያች ዕለት ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ነበሩ።

ደርግ መጣ። ልደትና ዘውድ ተሰረዙ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱባት መስከረም 2 የአብዮት ቀን ሆነች። ሚያዝያ 27 የንጉሡ ሽታ ስላለባት የድሉ በዓል ወደ መጋቢት 28 ተዛወረ። እዚህ ላይ ታሪክ ቀልድ ታውቃለች ያሰኛል፤ ኢምፔሪያሊዝምን ጠዋት ማታ ያወግዝ የነበረው መንግሥት ከአንድ ንጉሥ ቀን ለመሸሽ ብሎ የቅኝ ገዥ ጦር ወደ አዲስ አበባ የገባበትን ቀን የአገር በዓል አደረገ። በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዋና ከተማው በብዙ ድግስና ሰልፍ ሲከበር ወሎና ትግራይ በረሃብ ይረግፉ እንደነበርም አንዘነጋውም።

ኢሕአዴግ መጣ። መስከረም 2 ተሰርዛ ግንቦት 20 ተተካች፤ የድሉም በዓል ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ በዓላትና የዕረፍት ቀን ዐዋጅ ቁጥር 16 በ1988 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 29 ተሻሻለ። ከ2010ሩ ለውጥ በኋላ ደግሞ የግንቦት 20 ተራ ደረሰ፤ ድምቀቷን አጣች፣ በመጨረሻም ከዝርዝሩ ወጣች።

ሚያዝያ 27፣ መጋቢት 28፣ መስከረም 2፣ ግንቦት 20። አራቱን ቀናት ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ፈጥጦ ይታያል። አራቱም አዲስ አበባን የያዘው ኃይል የተለወጠባቸው ቀናት ናቸው። መንግሥታቱ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ቢሆኑም በዚህ አንድ ነገር ግን ተስማምተዋል፤ ታሪክ ማለት ቤተ መንግሥቱ በር ላይ የሆነው ነው። የጉቴው ሽማግሌ «ሁለቱም አዲስ አበባ የሆነ ነገር ነው» ያሉት ይህንኑ ነበር።

በእርግጥ ከዚህ ሕግ የወጡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም ያስተምሩናል።

አንደኛው ዓድዋ ነው። የካቲት 23 ዘውዱን አይቷል፣ አብዮቱን አይቷል፣ ኢሕአዴግን አይቷል፤ ሁሉም ወደ ራሱ ሊስበው ሞክሯል፣ ሊሰርዘው ግን የደፈረ የለም። የሆነው ከቤተ መንግሥት ርቆ ነው፤ ከየአገሩ የሄደ ሰውም የሞተበት በመሆኑ ማንም «የእኔ ብቻ» ብሎ ሊያስቀረው፣ «የእነ እገሌ ነው» ብሎም ሊጥለው አልቻለም።

ሁለተኛው የሙስሊሞች በዓላት ነገር ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ይደነግግ ነበር፤ ዒድና ዐረፋ በመንግሥት ዝርዝር ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች፣ ብዙ ክርስቲያኖችም ተቀላቅለዋቸው፣ አደባባይ ወጡ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ በዓሎቻቸው የአገር በዓላት ሆነው እንዲታወቁ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሐና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። ከዚህ ወዲህ ሦስት መንግሥታት ተፈራርቀዋል፤ ሦስቱን በዓላት የነካቸው የለም። ሹማምንት የጻፉትን ቀን ሹማምንት ይፍቁታል፤ ሕዝብ ጠይቆ ያገኘው ግን ይጸናል።

ዝርዝሩ ለሩቅ አገር ንፉግ እንዳልሆነም ልናገር። ሚያዝያ 23 የዓለም ሠራተኞች ቀን ነው፤ መነሻው በ1886 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ሠራተኞች ስለ ስምንት ሰዓት ሥራ ያደረጉት ትግል ነው። ቺካጎ በዝርዝሩ ውስጥ ቦታ ካገኘች ከነቀምቴ አጠገብ ያለው ቦናያስ?

ቦናያ፣ ሰኔ 1928

አዲስ አበባ ከተያዘች ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደዋል፤ የኢጣሊያ ጦር ግን ምዕራቡን አገር ገና አልያዘም። በዚያ በሰኔ ወር ሦስት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ በሚባለው ሜዳ ላይ አረፉ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል የኢጣሊያ አየር ኃይል ከፍተኛ አዛዥ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮ ይገኝበታል። አንቶኒዮ ሎካቴሊም አብሮ ነበር፤ ይህ ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በ1918 እ.ኤ.አ. ከባለቅኔው ዳኑንዚዮ ጋር ቪየና ላይ የበረረ፣ በአገሩ እንደ ጀግና የሚታይ አብራሪ ነው። የመጡት ከነቀምቴው ገዥ ከደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ጋር ተገናኝተው አገሩን ያለ ውጊያ ለመረከብ ነበር።

ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. አጥቢያ በሜዳው ላይ ጥቃት ተከፈተባቸው። ጥቃቱን ካደረሱት መካከል ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት ዕጩ መኮንኖች ነበሩ። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ። ማሊዮኮም ሎካቴሊም ሞቱ፤ ከመጡት መካከል በሕይወት የተረፈው ቦሬሎ የተባለው ሚስዮናዊ ቄስ ብቻ ነበር።

እነዚያ ወጣቶች ናቸው «ጥቁር አንበሳ» በሚል ስም የታወቀውን የአርበኞች ማኅበር ያቋቋሙት። ሊቀ መንበራቸው በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ማኅበሩ የተጻፈ ደንብ ነበረው። ደንቡ ወታደሩን ከፖለቲካው አመራር በታች ያደርጋል፤ ገበሬውን መዝረፍንም ይከለክላል። ልዑል ራስ እምሩ መሪያቸው ሆኑ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከብበው እጃቸውን ሰጡ። ከሁለት ወር በኋላ፣ የካቲት 12 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲጣል፣ ከተማረኩት ወጣቶች ብዙዎቹ በበቀል ተረሸኑ። የካቲት 12 ስድስት ኪሎ ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን የሚቀመጥላቸው ሰማዕታት ታሪክ ከቦናያ ሜዳ ጋር የሚገናኘው በዚህ ነው።

የጦርነቱ ፍጻሜስ? ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በእልልታ ስትናወጥ የወለጋ ምዕራባዊ ዳርቻ ገና በኢጣሊያ እጅ ነበር። ጄኔራል ፔዬትሮ ጋዜራ የተረፈውን ጦሩን ይዞ ወደ ሰዮ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ አፈገፈገ። እጁን የሰጠው በሰኔ ማብቂያ ነው፤ ሰዮ የወደቀችው ሰኔ 26 ነበር። የተረከቡትም ከቤልጅግ ኮንጎ የመጡ ወታደሮች ናቸው። በሌላ ሕዝብ ቀንበር ሥር የነበሩ ኮንጎዎች ወለጋ ድረስ መጥተው የሌላውን አፍሪካዊ ቀንበር ሰበሩ። ይህን በየትኛው በዓል ላይ ሰማነው? ጎንደር ደግሞ እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ቆይታለች። አንድ ድል ያልነው ነገር በየአገሩ የተለያየ ቀን አለው፤ በዐዋጅ የተጻፈው ግን የዋና ከተማው ብቻ ነው።

ለማንም የማይመች ቀን

አንባቢ እዚህ ላይ «ታዲያ ሰኔ 20ን ማን ተቃወመው?» ሊል ይችላል። በይፋ የተቃወመው የለም። ነገር ግን ቀኑ ለማንም አይመችም።

ለንጉሡ ዘመን ታሪክ አልተመቸም። በቦናያ የተዋጉት ንጉሠ ነገሥታቸው የተሰደዱባቸው፣ ከዚያም በራሳቸው ደንብና በራሳቸው ሊቀ መንበር የተዳደሩ ወጣቶች ነበሩ። የስደተኛው ንጉሥ መመለስ የድሉ ሁሉ ምንጭ ነው በሚለው ትረካ ውስጥ እነዚህ ልጆች ቦታቸው ጠባብ ነው።

በሌላም ወገን ላሉት አይመችም። በዚያው በ1928 ዓ.ም. ክረምት የምዕራብ ኦሮሞ መሪዎች፣ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ዋነኛው ሆነው፣ ኅብረት መሥርተው በጎሬ በነበረው የእንግሊዝ ቆንስል በኩል አገራቸው በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር እንድትሆን ጠይቀዋል። አንዱ ይህን ክህደት ይለዋል፤ ሌላው የነጻነት ጥያቄ ይለዋል። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች የዚያን ዓመት የወለጋ ገበሬ ምን ላይ እንደነበር እንዲያስቡ እፈልጋለሁ። ከጦር ግንባር የሚሸሽ ወታደር በመንደሩ እያለፈ ይዘርፈዋል፤ ከዚያ በፊት የነበረው የገባርነት ቁስል አልደረቀም፤ ከሰማይ ደግሞ አውሮፕላን ወርዷል። አንዱ ወደ እንግሊዝ ተመለከተ፣ ሌላው ጠመንጃውን አነሣ። ሁለቱም የአንድ አገር፣ የአንድ ሰኔ ሰዎች ናቸው።

ለኢትዮጵያ አንድነት የሚቆረቆረው ቦናያን ቢያነሣ የኅብረቱን ደብዳቤ ማንበብ ግድ ይሆንበታል። የኦሮሞ ብሔርተኛው ቢያነሣው ደግሞ በወለጋ ምድር የኢጣሊያን አውሮፕላን ያቃጠሉትን፣ ከየብሔሩ የመጡ የሆለታ ልጆችን ማክበር ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ቀኑም በመካከል ወላጅ አልባ ሆኖ ቀርቷል።

የክልሉ ድርሻ

«ማዕከሉ ካላየው ክልሉ ለምን አያየውም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ለፌዴራሉ መንግሥት ተለይቶ ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የክልሎች እንደሆነ ይናገራል። በሥራም ክልሎች የራሳቸውን ቀን ሲያከብሩ እናያለን። ሐዋሳ በጉዱማሌ ፊቼ ጫምባላላን ታከብራለች፤ በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ትግራይ ሕወሓት የተመሠረተባትን የካቲት 11 ስታከብር ኖራለች።

በኦሮሚያ ትልቁ ቀን ኢሬቻ ነው። ኢሬቻ ያለ ዐዋጅ እንዴት ሚሊዮኖችን እንደሚያሰባስብ አስተውላችሁ ይሆን? የቢሾፍቱው ሆራ አርሰዲ ኢሬቻ የሚውለው ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ ነው። እሑድ ሥራ የለምና የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚያው ሐይቅ ዳር የደረሰው እልቂት ግን ሕዝብ ራሱ የቆጠረውን ቀን መንግሥት ሊቆጣጠረው ሲነሣ ምን እንደሚከተል አሳይቷል።

ከባህሉ በዓላት ወደ ታሪክ ቀናት ስንሻገር ክልሎቹ ከማዕከሉ የወረሱትን ልማድ እናገኛለን። በኢሕአዴግ ዘመን በየክልሉ በባንዲራና በኮንፈረንስ ይደምቁ የነበሩት የድርጅቶች ልደቶች ነበሩ፤ በትግራይ የካቲት 11፣ በአማራ ኅዳር 11፣ በኦሮሚያ መጋቢት 17። አዲስ አበባ ቤተ መንግሥቱ የተያዘበትን ቀን ታከብራለች፤ ክልሉ ደግሞ ገዢው ፓርቲ የተወለደበትን። ከኢሕአዴግ መክሰም በኋላ የአንዳንዶቹ ዕጣ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሉ የለ፤ ታሪክ በሞላበት አገር የሚከበር ቀን ጠፍቶ የፓርቲ ልደት ሲደገስ ኖረ።

ሌላው ዓለም እንዴት ያደርገዋል? ሕንድ በመላ አገሪቱ የሚከበሩ ብሔራዊ በዓላት ያደረገቻቸው ሦስት ብቻ ናቸው፤ የሪፐብሊክ ቀን፣ የነጻነት ቀን፣ የጋንዲ ልደት። የቀሩት በየክልሉ ይለያያሉ። ሚስዮናውያኗን ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወለጋ አይራ ድረስ የላከችውን ጀርመንን ደግሞ እንይ። በፌዴራል ደረጃ የተወሰነው በዓል የውሕደቱ ቀን ኦክቶበር 3 ብቻ ነው፤ የቀረውን ክልሎቹ ይወስኑታል። እንዲያውም አውግስቡርግ የምትባል ከተማ ለብቻዋ የምታከብረው በዓል አላት። በየዓመቱ ኦገስት 8 ከተማዪቱ ሥራ ዘግታ የሰላም በዓል ታከብራለች፤ በአጠገቧ ያለው ከተማ ግን ሥራ ላይ ነው። ቀኑ በ1629 እ.ኤ.አ. ፕሮቴስታንቶቿ አምልኳቸውን የተነጠቁበት የኀዘን ቀን ነበር። መብታቸው ሲመለስ፣ ከ1650 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ያንኑ ቀን የሰላም ቀን አደረጉት፤ ዛሬ ካቶሊኩም አብሮ ያከብረዋል። ጀርመን በዚህ ምክንያት አልፈረሰችም።

ምን ይደረግ?

ተጨማሪ ሥራ የሚዘጋበት ቀን ይታወጅ አልልም። የበዓላችን ብዛት አይጎድልም፤ የቀን ሠራተኛውም ሥራ በተዘጋ ቁጥር የሚበላውን የሚያጣ ነው። የካቲት 12 በሥራ ቀን ይታሰባል፤ ሥራ ባለመዘጋቱም ክብሩ አልቀነሰም። ሰኔ 20ም እንዲሁ ቢታሰብ ይበቃዋል።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የታሪክ በዓላት ዝርዝር መንግሥት በተለወጠ ቁጥር በአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤቶች ተጽፎ የሚወርድ መሆኑ ይብቃ፤ የክልልና የዞን ምክር ቤቶች ሕዝቡን ጠይቀው ቀናቸውን ያቅርቡ። ሁለተኛ፣ ሚያዝያ 27 ይቆይ፤ በዚያ ቀን ግን በየአገሩ ያ አገር ነጻ የወጣበት ቀን አብሮ ይነገር። የጎንደር ልጅ ኅዳር 18ን፣ የደምቢ ዶሎ ልጅ ሰኔ 26ን ይወቅ። ሦስተኛ፣ ሰኔ 20 በወለጋ ትምህርት ቤቶች ሲነገር ሳይቆነጻጸል ይነገር። የሆለታ ልጆችም፣ ደጃዝማቹም፣ የኅብረቱ ደብዳቤም፣ የተዘረፈው ገበሬም በአንድ ትምህርት ውስጥ ይግቡ።

ይህን ዛሬ የምጽፍበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ልደብቀው አልፈልግም። ሰኔ በወለጋ ሌላ ቀንም ጨምሯል። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ንጹሐን ሰዎች፣ አብዛኞቹ አማሮች፣ ተገደሉ። መንግሥት ሸኔ የሚለውን ታጣቂ ቡድን ከሰሰ፤ ራሱን የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ብሎ የሚጠራው ቡድን አስተባበለ። በእነዚያው ዓመታት በወለጋ ብዙ የኦሮሞ ቤተሰቦችም ለልጆቻቸው ለቅሶ ተቀምጠዋል። እነዚህን ቀናት በመዝገብ የያዘላቸው የለም። ያጡት ሰዎች ግን እያንዳንዷን ዕለት ያውቋታል፤ አያቴ የእነርሱን ሰኔ ያውቁ እንደነበረው።

መዝገብ የሌለው ቀን አይጠፋም፤ በየቤቱ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። አንዱ ቤት የራሱን ሙታን ይቆጥራል፣ ሌላውም የራሱን፤ ከዓመታት በኋላ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ወር ሁለት የተለያየ አገር ይኖራሉ። የሕዝብ በዓል ጥቅሙ ይህን መከላከል ይመስለኛል፤ የየቤቱን ቀን አደባባይ አውጥቶ፣ ከጎረቤት ጋር አቁሞ፣ አብሮ ማስታወስ። አውግስቡርግ የኀዘን ቀኗን የሰላም ቀን እስክታደርግ ሃያ ዓመት ፈጅቶባታል። እኛ ገና ቀኑን አልጠቀስነውም።

አያቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። «እዚህስ መች ነበር?» ላሉኝ ጥያቄ መልስ ይዤ ብሄድ የሚቀበለኝ የለም። ስለዚህ መልሱን እዚህ አኖርሁት። እዚህ ሰኔ ነበር፤ ሰኔ 20 ተጀመረ፣ ሰኔ 26 አበቃ፤ በመካከሉ አምስት ዓመት ነበረ። ከጉቴ እስከ ደምቢ ዶሎ ባለው መንገድ ላይ ያለ አንድ መምህር ይህን አንብቦ በመጪው ሰኔ ፈተና ከማለቁ በፊት ለተማሪዎቹ አንዲት ሰዓት ቢሰጥልኝ የማንንም ዐዋጅ አልጠብቅም።

ቸር ያሰማን።